ያልወለቀ ሌንስ

ዛሬ ትነግረዋለች። ፊቷን ስትታጠብ ወሰነች፣ ፀጉሯን ስታስር ውሳኔውን ደገመችው፣ ጫማዋን ስታጠልቅ ግን ውሳኔው ላላባት። ሚጡን ለማታውቋት ልንገራችሁ፤ ልጅቷ ውሳኔ አታጣም፣ ውሳኔዋ ግን ከበር አይዘልቅም። ከወራት በፊት የዋሸቻት አንዲት ትንሽ ውሸት አለች። "አላደረግሁም" የምትል አንዲት ቃል ናት። ያቺ ቃል ዓይኗን በላችው። አሁን ደግሞ የምትወደው ሰው ጥፋቱን ሁሉ የራሱ አድርጎ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከስቶ ሊያገባት ቀን ተቆርጧል። ሳትነግረው ካገባችው ዕድሜ ልኳን በውሸት ልትተዳደር ነው። ከነገረችው ደግሞ ዓይንሽን ላፈር ብሎ ሊሄድ ነው። ወደ ፊትም ገደል፣ ወደ ኋላም ገደል ሆነባት።

"ዛሬ ነው አይደል ያ አዲሱ ሌንስ የሚደርሰው?" አለች አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

"ዛሬ ነው፣ እትዬ።"

"ይቅናሽ። ሰውዬሽ ብቻ ምሳውን በልቶ ይጠብቅሽ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሐኪም እጁ አይጸናም።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር በሆድ ነው የምትለኪው።"

"እና በምን ልለካ? በዚህ?" አለች አክስትየዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እያነሳች። "ይሄ ወገብና ደረት እንጂ ሰው አይለካም።"

ስፌት ቤታቸው ከመንገዱ በአንድ ደረጃ ዝቅ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከመስኮቱ ሥር ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተደረደረ ክር አለ። መሐል ላይ ደግሞ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ የሚውል አንድ ቬሎ ቆሟል። የሚጡ የራሷ ነው። ገና ማንም "አግቢኝ" ሳይላት በተስፋ ብቻ የጀመረችው ነው። ከአንገቱ እስከ ወገቡ በዶቃ ተሞልቷል፤ ከወገቡ በታች ባዶ ነው። ዓይኗ የከዳት እዚያ ስትደርስ ነው።

ጠዋት ጠዋት አክስቷ መርፌዎቹን ሁሉ ክር ከትታ ትራሱ ላይ በተርታ ትሰካላታለች። ስለዚህ ነገር አንዳቸውም ተናግረው አያውቁም። ሚጡም አታመሰግንም፤ ካመሰገነች መርፌ ውስጥ ክር መክተት እንዳቃታት አመነች ማለት ነው።

ለመሆኑ እዚህ ምን አደረሳት? ልንገራችሁ፤ ሳትሰሙት ብትፈርዱባት እኔም ቅር ይለኛል።

ይህቺ ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር ተሸክማ ያደገች ናት። ሩቁን አታይም፤ ቅርቡን ግን ጉድ ነው! መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጨርቁን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ የምትሰፋውን ዶቃ ያየ ሰው አፉን ይዞ ይቀራል። ያ የምትወደው ሰው፣ ዶክተሩም፣ መጀመሪያ ያያት እንዲያ አጎንብሳ ነው። እናቱ ለግብዣ ያሰፉትን ልብስ ሊወስድ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"በዚህ ዓይን እንዴት አድርገሽ ነው ይህን የምትሠሪው?" አላት። የዓይን ሐኪም ነውና የዓይን ነገር ሲሆን አፉ አያርፍም።

"ቅርቡን እኔ አያለሁ፤ ሩቁን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ" አለችው ቀና ሳትል።

ሳቀ። ልብሱን ይዞ ሄደና በማግስቱ "ጠበበ" ብሎ መለሰው። ለማን እንደጠበበ እግዜር ይወቅ። ከዚያ "ሰፋ" ብሎ አመጣው፤ ደግሞ ጠበበ፤ ደግሞ ሰፋ። "ይቺ ሴትዮ ጨረቃ ናት እንዴ?" እስክትል ድረስ አክስትየዋ አንዱን ስፌት ስትፈታና ስትገጥም ከረመች። ልብሱ ሰበብ መሆኑ የገባት አንድ ቀን ሁለቱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ቃል ሳይወጣቸው ሲተያዩ ስታገኛቸው ነው።

እናትየው ግን ልጃቸውን ከስፌት ቤት ሊድሩ አላሳደጉትም። ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ስም፣ ግድግዳው በዲፕሎማ የተሞላ ቤት ነው። ክሊኒኩም የቤተሰቡ ነው። ሚጡን መጀመሪያ ቀን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣ እሷ በምትሰማው ድምፅ፣ "እኔ መነጽሩን ነው ያየሁት፤ ልጅቷን አላየኋትም" አሉ።

"እኔ መነጽርሽን እወደዋለሁ" አላት እሱ ሲሸኛት፣ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ። ደጋግሞ ነገራት። እሷ ግን የእናትየውን ቃል ይዛ ነው ቤቷ የገባችው። መነጽር የሚያስጥለውን የዓይን ሌዘር ነገር ያነሳችው እሷ ናት፣ እሱ አይደለም። እውነቱን እንናገር ከተባለ እሱ አደጋውን ለመንገር አልሰነፈም።

"አብዛኛው ሰው ደህና ይሆናል" ብሏታል። "በማግስቱ ሥራው የሚገባ አለ። ዓይን ይደርቃል፤ ማታ ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል፤ እሱ ብዙ ጊዜ እያደር ይተዋል። የምፈራው ሌላ ነው። የዓይን የፊተኛው መስኮት አለ፣ ኮርኒያ የምንለው። በተፈጥሮው የላላ የሆነበት ሰው አለ። የእንዲህ ያለውን ሰው ኮርኒያ በሌዘር ካሳሳሁት አቅም ያጣና ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይገፋል። አስቀድሜ በልኬት ካወቅሁት ግን በጭራሽ አልነካውም። ስለዚህ ከልኬቱ በፊት አንድ ወር ያን ጠንካራ ሌንስሽን አታድርጊ። ሌንሱ ኮርኒያውን ተጭኖ ደህና ያስመስለዋል፤ ችግር ቢኖርም ይደብቅብኛል። መነጽር ብቻ። ቃል?"

"ቃል" አለች። ጠንካራው ሌንስ በመነጽር ፈንታ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ነው፤ የእናትየውን ንግግር ከሰማች በኋላ ለክት ቀን ብላ ያሠራችው።

በዚያው ወር እናትየው ምሳ ጠሯት።

እስቲ እናንተው ፍረዱ! በመነጽር ብትሄድ "መነጽሩ መጣ" ሊባል ነው። ብትቀር "ናቀችን" ሊባል ነው። ሌንሷን አደረገች። እናትየው ያን ቀን ከጎናቸው አስቀመጧት፤ "ለካ ዓይነ ግቡ ናት" አሉ። በማግስቱ ዶክተሩ ሊያያት ሲመጣ፣ ትናንት አምራ ያያት ልጅ በጠርሙስ ቂጥ ሆና ልትቀበለው አልሆነላትም። ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ሌንሱን ያወለቀችው ከልኬቱ አንድ ሌሊት ቀድማ ብቻ ነው።

የልኬቱ ቀን ደግሞ ጨዋታ ያዙ። እሱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ድምፁን አጎርንኖ፣ "እመቤት፣ አገጭዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ" አላት።

"አሳርፋለሁ ዶክተር፤ ግን አያፍጥጡብኝ።"

"የማፈጠው ለሥራ ነው። ይልቅ በዚህ ወር ውስጥ ሌንስ አድርገው ነበር?"

"ኧረ አላደረግሁም!" አለች ዓይኗን በጨው አጥባ፣ እየሳቀች። እሱም ሳቀ።

ለሐኪም መዋሸት ሞኝነት ነው፤ ለሚወዱት ሰው መዋሸት ግን ማን ያልሠራው? ሚጡ የመለሰችው ለወዳጇ ነው። መዝግቦ የያዘው ሐኪሙ ነው።

ሌዘሩ በደቂቃዎች አለቀ። በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ጽሑፍ ከስፌት ቤቱ በር ቆማ አነበበችው፤ አክስቷን አቅፋ ዞረች፤ መነጽሯንም መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ቆለፈችበት። ደስታው ጥቂት ወር ቆየ። ከዚያ ፊደላቱ ጥላ አበቀሉ። መብራት ተበተነ። አንድ ዶቃ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ጎረቤቱም አፍ አለውና "ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች" ማለት ጀመረ። ሌላ ትልቅ ሐኪም አይቷት፣ "ከመጀመሪያውም የላላ ነበር፤ መነካት አልነበረበትም" አለ። በጠብታና በብርሃን በሚሠራ ሕክምና መግፋቱን አቆሙት፤ የገፋውን ግን የሚመልሰው አልተገኘም።

ዶክተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌዘሩን አልነካም። "በልኬቱ የወጣውን የኮርኒያዋን ካርታ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" ይላል ለሁሉም። ሚጡ ይህን በሰማች ቁጥር ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ ከዚያ መልሳ ትዘጋዋለች። አክስቷ ምንም ሳታውቅ አንድ ቀን፣ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" ብላ ስለ አንዲት ጎረቤት ስታወራ፣ ሚጡ የያዘችው መርፌ ጣቷን ወጋት። የደሟን ጠብታ እያየች፣ እንዲህ ሆኜስ አልኖርም አለች በልቧ።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ እሷም በሌዘር የተሠራች ናት። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሐኪም። እስከ ዛሬ የሩቁን ሰሌዳ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ታነባለች። ሚጡ ስትገባ ግን አንገቷን ደፍታ ወረቀት ማገላበጥ ያዘች። ምን አጠፋች? ዳነች እንጂ። የዳነ ሰው ያልዳነ ሰው ፊት ሲቆም ያለ ጥፋቱ ያፍራል።

"ደረጃ አለ፣ ልጄ፣ ቀስ በይ" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። የዶክተሩ እናት ናቸው። ክንዷን ያዝ አደረጉ።

ሚጡ ደረጃውን አይታዋለች። ሦስት አድርጋ ነው ያየችው እንጂ ማየትስ አይታዋለች። ቢሆንም ክንዷን አላስለቀቀችም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለች።

"አዳራሹን አይቼው መጣሁ። መብራቱ ለስላሳ ነው። ላንቺ ብዬ ነው፣ ዓይንሽን እንዳያስቸግርሽ።"

"ምነው እንዲህ ይደክማሉ።"

"ድካም አይባልም፣ ልጄ። ቤታችን ያጠፋውን ቤታችን ይሸከማል። ልጄንም ነግሬዋለሁ፤ ሰው በድሎ ዞር ማለት የለም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የደግ ሰው ድምፅ ነበር። ክፋቱም እሱ ነው። ፍቅር ደጅ ጠንቶ ያላገኘውን ፈቃድ በሽታ በአንድ ቀን አገኘው። ሚጡ ያቺ የድሮዋ ምላስ ናፈቀቻት፤ ያቺ "መነጽሩን ነው ያየሁት" ያለችው። ያኔ ቢጠሏትም እንደ ሰው ነበር የጠሏት። አሁን እንደ ዕቃ፣ እንደ ተሰበረ የሰው ዕቃ ይዘዋታል። ኮሪደሩን በክንዳቸው ተደግፋ አለፈች።

የምርመራ ክፍሉ መጋረጃ ተስቦ ደብዘዝ ብሏል። እሱ ቧንቧው ጋ ቆሞ እጁን ይታጠባል። ድሮ ሲታጠብ ያፏጭ ነበር።

"ምሳ በልተሃል?" አለችው።

"ምን?"

"እትዬ ናት ያለችው። ሆዱ ባዶ የሆነ ሐኪም እጁ አይጸናም ብላለች።"

ፈገግ ያለ መሰላት። ፊቱ ሦስት ሆኖ ነው የሚታያት፤ ሦስቱ ፊቶች ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው ፈገግታው የየትኛው እንደሆነ አይለይም። "ዛሬ ስንት ነኝ?" አላት። የሁለቱ ጨዋታ ነበር ይሄ፤ ከበሽታው ጋር የመጣ ጨዋታ።

"ሦስት ናችሁ። ሦስታችሁም ከስታችኋል።"

አዲሱ ሌንስ ከለመደችው ይሰፋል፤ የዓይኗ ነጭ ላይ አርፎ የተበላሸውን ኮርኒያ ሳይነካ የሚሸፍን ነው። ውስጡን በጨው ውሃ ሞላው። "ጎንበስ በይ። አትፍሪ" አላት። የዓይኗን ቆብ በሁለት ጣቱ ከፈተ። ቀዝቃዛው ውሃ ዓይኗን ነካው፤ አንድ ነገር ለጠፍ አለ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

"ቀና በይ።"

ቀና አለች።

አቤት! አንድ ሰው ቆሟል። አንድ ብቻ። ጆሮ ግንዱ ላይ ጥቂት ሽበት አብቅሏል፤ አገጩ ላይ ምላጭ የቆረጠው ቦታ አለ። የጋዋኑ ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ማን ነው እንዲህ ያለ ስፌት የሰፋለት? ስታየው፣ ስታየው፣ እንባዋ ሌንሱ ጠርዝ ድረስ መጣ። ስንት ወር የናፈቃት ፊት ነው!

እሱ ግን ፊቷን አላያትም። ትንሿን ባትሪ አብርቶ የሌንሱን ጠርዝ ያያል፤ ኮርኒያዋን ያያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች።

"አሁን ስንት ነኝ?" አለ ባትሪውን ሳያወርድ።

"አንድ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"ዶቃ እሰፋበታለሁ?" አለችው ቀስ ብላ።

"ሰው ታዪበታለሽ። መንገድ ትሻገሪበታለሽ።" እጁን ከፊቱ አወረደ። "ዶቃውን ግን... አይመስለኝም። ልዋሽሽ አልችልም። ያን ዓይን ነው ያጠፋሁብሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ካርታውን አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።"

"ተው! እንዲህ አትበል።"

"ምን ልበል ታዲያ?"

"አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።" አለ አይደል፣ ሲያስፈራ የከረመ ነገር አንዴ አፍ ከተከፈተለት በኋላ እንደ ጎርፍ የሚወርደው? እንዲያ ወረደ። "ሌንሱን አላወለቅሁትም ነበር። ያን ወር። እናትህ ምሳ የጠሩኝ ቀን አደረግሁት፤ ከዚያ አንተ ፊት በመነጽር መታየት አስጠላኝ። በየቀኑ አደረግሁት። አንተ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ። ካርታው የዋሸህ እኔ ስለዋሸሁ ነው። ይኸው። ጥላኝ፣ ስደበኝ፣ የፈለግኸውን አድርግ፤ ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ጥፋቱ የኔ ነው አትበል።"

ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ ይንጠባጠባል። ሚጡ ፊቱን አየች። ድንጋጤ ፈለገች። ንዴት ፈለገች። እፎይታ እንኳ ትፈልግ ነበር። አንዱም የለም። ጠዋት እንደነበረው ሦስት ሆኖ ቢሆን ይህን አታስተውለውም ነበር፤ ይህ አንድ የሆነው ፊት ግን ምንም አልደበቀም። ወለሉን እያየ ከንፈሩን ነከሰ።

"አልደነገጥክም" አለች።

ተነስቶ ቧንቧውን አጥብቆ ዘጋው።

"ታውቅ ነበር።"

"ምሳው ላይ አይቼሻለሁ" አለ ወለሉን እያየ። "ከዚያም በኋላ አይቼሻለሁ። በየቀኑ ዓይንሽን ነበር የማየው፤ የዓይን ሐኪም ነኝ፣ ሌንስ አይጠፋኝም።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"ጠይቄሻለሁ።"

"በጨዋታ! እየሳቅህ!"

"አንቺስ እየሳቅሽ አልመለስሽም?"

እውነቱን ነው።

"ለምን?" አለች። "እኔስ አንተን ደስ ላሰኝ ብዬ ነው። አንተ ለምን?"

ያን በሌላ ቀለም ክር የተሰፋውን ቁልፍ እየነካካ በዝግታ ተናገረ። "እናቴ ስትስቅልሽ አየሁ። 'አውልቂው፣ መነጽርሽን መልሺ፣ ልኬቱን ሌላ ወር እናቆየው' ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ጓደኞቼ፣ አብረውኝ የተማሩት ሐኪሞች፣ አንቺን ሊያዩ ሊመጡ ነበር። በዚያ መነጽር... እንዲያዩሽ አልፈለግሁም።"

"መነጽርሽን እወደዋለሁ ብለኸኝ ነበር።"

"ብቻችንን ስንሆን እወደው ነበር።"

ወይ ጉድ! ይህችን ቃል ከመስማት ያ ስድብ በስንት ጣዕሙ። ሚጡን ሌዘሩ አላሳመማትም ነበር፤ በሽታው አላሳመማትም ነበር፤ ዓይን ሲጠፋ አያምም። ይሄ ግን አመማት። ደረቷን ይዛ ተቀመጠች።

"ይህን ሁሉ ወር እኔ በውሸቴ ስቃጠል እያወቅህ ዝም አልከኝ።"

"አንቺም እኔ ራሴን በሰው ፊት ስከስስ እያየሽ ዝም አልሽኝ። እኔ ደግሞ... ጥፋቱን ጮክ ብዬ ስወስደው፣ ያቺን እውነተኛዋን ጥፋቴን የሚጠይቀኝ አልነበረም። ኮርኒያውን እንጂ ማፈሬን ማን ይጠይቀኛል?"

"ለምንድን ነው የምታገባኝ?"

ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ፣ እስቲ ይዋሸኝ ብላ ለምናለች በልቧ። አንዲት ትንሽ ውሸት። ከዚህ በፊት ሁለቱም ችለውበት አልነበር?

"አላውቅም" አለ። "ድሮ አውቅ ነበር። አሁን አንቺን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ካርታው ነው። የዓይንሽ ካርታ። ያ የገፋው፣ ቀይ ቀዩ ቦታ። ከዚያ አልፌ አንቺ ጋ መድረስ አቃተኝ።"

"እናትህ መነጽሬን አዩ፤ አንተ ካርታዬን አየህ" አለች ሚጡ። ድምፅዋ አልጮኸም። "እኔን ማን አየኝ?"

ተንበርክኮ እጇን ያዘ። "ይቅር በይኝ" አላት። "ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም በለኝ" አለችው። "ብዬሻለሁ" አለ። ከልባቸው ነበር፤ ሁለቱም አልዋሹም። ግን ይቅርታው ምን ሊረባ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እጇ እጁ ውስጥ እያለ፣ እጁ እንደ ሐኪም እጅ ብቻ ይሰማት ጀመር፤ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ የሁሉም ሰው።

"አውልቅልኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"ሌንሱን።"

"ለምን? ታያለሽ እኮ!"

"ስለማይ ነው። ሦስት ሆነህ ስትታየኝ፣ ቢያንስ አንዱ ይወደኛል እያልኩ ነበር የምኖረው። እንደዚያው ሆነህ ልሰናበትህ።"

አወለቀላት። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ምሳ አልበላም ነበር መሰለኝ። አንድ የነበረው ሰው ተሰነጠቀ፣ ተደራረበ፣ ሦስት ሆነ። ሦስቱም እያለቀሱ ነበር። ሌንሶቹን ማስቀመጫቸው ውስጥ አድርጎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተላት፤ ሌላ ሐኪም ማድረጉን እንደሚያለማምዳት ነገራት። እሺ አለች። ኮሪደሩን ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ደረጃው ጋ የሚይዛት አልነበረም፤ በእግሯ ዳብሳ ወረደች።

ሚጡ ገና ከደጅ ስትመጣ፣ አክስቷ አረማመዷን አይታ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"ሌንሱ አልሆነም?"

"ሆኗል፣ እትዬ። ያሳያል።"

"እና?"

"ሠርጉ ቀርቷል።"

አክስትየዋ አፏን ከፈተች። ለሞተ ተረት አላት፣ ለተፋታ ተረት አላት፣ ቁልፍ ለጠፋበት እንኳ ተረት አላት። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

"አንሶላውን ግለጪልኝ" አለች ሚጡ።

"ልትሰፊ ነው?"

"ልፈታ ነው። መፍታት ዓይን አይፈልግም።"

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ሌላ ሰፊ ቢሆን አንዱን ክር ሲስብ ዶቃው ተያይዞ ይረግፋል። ሚጡ ግን በዚያ በድሮ ዓይኗ፣ ጨርቁን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ አንዷ ብትበጠስ ሌላዋ እንዳትከተላት ብላ እያንዳንዷን ዶቃ ለብቻዋ ነበር የቋጠረቻት። ዕድሜ ልክ እንዲቆይ ነበር የሰፋችው። አሁን እያንዳንዷን ቋጠሮ በጥፍሯ እየፈለገች፣ በትንሿ መቀስ ጫፍ እየበጠሰች፣ ሳህኑ ውስጥ ትጥላለች። አክስቷ ወንበር ስባ ከማዶ ተቀመጠችና ከትከሻው ጀመረች።

አንዷ ዶቃ ከሳህኑ ዘልላ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ሚጡ ወርዳ ተንበረከከች። ሦስት ዶቃ ታየቻት። መጀመሪያዋን ዳሰሰች፣ የለችም። ሁለተኛዋን ዳሰሰች። ሦስተኛዋንም ዳሰሰች፤ እዚያም የለችም። እስከዚያች ሰዓት እንባዋ አልወረደም ነበር። እጇን ባዶው ወለል ላይ እንዳሳረፈች፣ ያኔ አለቀሰች።